ድስቱን ትታችሁ ማቀዝቀዣውን እዩ፦ ጎጃም ላይ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ አመራረጥ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይ ፍኖተ ሰላም ላይ ራሱ ጠምቆ ራሱ የሚሸጥ ትንሽ ቢራ ቤት ልክፈት የሚል ሰው በዝቷል። አዲስ አበባ ቦሌ ያለውን ቢራ ጋርደን ያየ ሁሉ "ይሄ ነገር ጣና ዳር ቢሆን!" ይላል። እውነቱን ነው፣ ያምር ነበር። ግን ወሬው ዕቃው ላይ ሲደርስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ በቴሌግራም የተላከለትን ካታሎግ ይከፍታል፣ መዳብ የለበሰ የሚያብለጨልጭ ድስት ያሳያል፣ ከዚያ ዋጋ ግምት ይጀመራል።

እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ከዕቃው ሁሉ ቀላሉ ድስቱ ነው። ቢራ የሚያበላሸው፣ ገንዘብ የሚበላው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ከድስቱ በኋላ ያለው ነው፦ ማቀዝቀዣው፣ ቢራው የሚብላላበት ፈርመንተር፣ ማጠቢያው፣ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳው ሰው። ገንዘባችሁን ስትደለድሉ ይሄን እያሰባችሁ ደልድሉ።

መጠኑ ስንት ይሁን?

ዕቃው የሚለካው በሄክቶሊትር ነው፤ አንድ ሄክቶ 100 ሊትር ነው። ለቢራ ቤት የሚሸጡት በአብዛኛው ባለ 3፣ ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ለሽያጩ ሳይሆን ለምኞቱ ይገዛል። ሒሳቡን ከብርጭቆ ጀምሩት። ባለ 5 ሄክቶ ዕቃ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ብትጠምቁ 1000 ሊትር ነው። ከእርሾ ጋር የሚቀረውን፣ ቱቦ ውስጥ የሚያድረውን፣ አረፋ ሆኖ የሚፈሰውን አስቡና አንድ አሥረኛውን ቀንሱ። 900 ሊትር ይቀራል። በ0.33 ሊትር ብርጭቆ ሲቀዳ ወደ 2700 ብርጭቆ፣ በቀን ደግሞ ወደ 390 ይሆናል። አሁን ወንበራችሁን ቁጠሩ። ማክሰኞ ማታ ስንት ሰው እንደሚቀመጥበትም ሳትዋሹ ገምቱ።

ደግሞ የእኛ ገበያ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ጭር ይላል። ፋሲካ ሲገባ ያለው ሁሉ ተጠጥቶ "እንዴ፣ አለቀ?" የሚል ይመጣል። ጥምቀትና የሰርግ ሰሞንም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ባለ 20 ታንክ ከምትገዙ አራት ባለ 5 ግዙ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን አጥባችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ሲሞቅ አራቱም ይሞላሉ። ጾሙን ራሱ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፦ ላገር የሚባለው ቢራ በቅዝቃዜ ረጅም ጊዜ መተኛት ይፈልጋል፣ የምኩራብ ሰሞን የጠመቃችሁት ስድስት ሳምንት ተኝቶ ልክ ለፋሲካ ይደርሳል። ይሄ የሚሆነው ግን ትርፍ ታንክ ካለ ነው። በኋላ ልትጨምሩ እንድትችሉ ወለሉንና የማቀዝቀዣውን ቱቦ ከአሁኑ ለሁለት ተጨማሪ ታንክ አዘጋጁት።

ለጀማሪ ባለ 5 ይበቃል ባይ ነኝ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው 500 ሊትር ቢራ ወደ አንድ ኩንታል ብቅል ይበላል። አንድ ኩንታል ሁለት ሰው ተሸክሞ፣ ፈጭቶ፣ ከቶ፣ መልሶ አውጥቶ የሚጨርሰው ሥራ ነው፣ ተጨማሪ ማሽን አይጠይቅም። ባለ 20 ስትገዙ ግን ብቅል የሚያነሳ ማሽን፣ አተላ የሚያወጣ ማሽን፣ ትልቅ ቦይለር እያለ ይቀጥላል።

አተላ ካልኩ ዘንዳ፦ ብቅሉ ተጨምቆ ሲያልቅ የሚቀረው እርጥብ አተላ ከገባው ደረቅ ብቅል በላይ ይመዝናል። ስለዚህ የማሽ ተኑ፣ ማለትም ብቅሉ የሚዘፈዘፍበት ዕቃ፣ የጎን በሩ ሰፊ ይሁን፣ ቁመቱም ጋሪ ከሥሩ እንዲገባ ተደርጎ ይሠራ። ካታሎግ ላይ ትንሽ ክብ በር ታያላችሁ። ከዚያ ውስጥ አንድ ኩንታል ትኩስ አተላ በአካፋ ማውጣት ወገብ ይቆርጣል። ወተት ላም ያለው ጎረቤት ካላችሁ አተላው ራሱ ወዳጅ ያፈራላችኋል።

የዕቃው ብዛትን በተመለከተ ሻጩ አራት ጋን የሚያህል ነገር ደርድሮ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል። ለትንሽ ቤት ሁለት ዋና ዕቃና አንድ የሙቅ ውሃ ታንክ በቂ ነው። አንዱ ብቅሉ የሚዘፈዘፍበትና ጭማቂው፣ ማለትም ዎርቱ የሚጣራበት፤ ሌላው፣ ኬትል የሚሉት፣ ዎርቱ የሚፈላበትና ሆፕሱ፣ ቢራን የሚያመርረው አበባ፣ የሚገባበት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ የማትጠምቁ ከሆነ ሌላው ትርፍ ነው። የማጣሪያውን ስፋት ግን አስሉ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ብቅል ጥሩ ነው። በ5 ሄክቶ ዕቃ ላይ ይሄ ክብ ለሆነ ዕቃ ከዳር እስከ ዳር ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይሰጣል። ጠባብና ረጅም ከሆነ ዎርቱ ጠብ ጠብ እያለ ቀኑን ይፈጃል። ማጣሪያው በቀዳዳ ከተበሳ ላሜራ ይልቅ ከሽብልቅ ሽቦ የተሠራ ይሁን፣ ሲታጠብም ቶሎ የሚነሳ።

ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም የውጭ ሻጭ ሳይጠየቅ አይነግራችሁም። ካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር በአብዛኛው ባሕር ጠለል ላይ የተሰላ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፣ እዚያ 92 ላይ ይፈላል። እሳት ብትጨምሩ ትነቱ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

ይሄ ምን ያመጣል? አንደኛ፣ የብቅሉ ጭማቂ ሲፈላ የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ሽታ ያለው ዲኤምኤስ የሚባል ነገር ይወጣል። መነሻው ንጥረ ነገር በሙቀት ተሰባብሮ በእንፋሎት እንዲሄድ ነው ዎርት የሚፈላው። ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ባለ ቁጥር መሰባበሩ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጀርመን አገር 60 ደቂቃ የሚፈላውን እናንተ 90 ደቂቃና ከዚያ በላይ አስቡት። ሁለተኛ፣ የሆፕስ መራራነት የሚወጣው በፍላት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ወይ ሆፕስ ትጨምራላችሁ ወይ ጊዜ ትጨምራላችሁ። ሆፕስ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ሻጩን እንዲህ ጠይቁት፦ "በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ ኬትላችሁ በሰዓት ስንት ፐርሰንት ያተናል?" ከ6 እስከ 8 የሚል መልስ በስሌት አስደግፎ ካመጣ ዕቃውን ያውቃል። "ችግር የለም፣ ችግር የለም" ብቻ የሚል ከሆነ ቀጣዩን ሻጭ ጥሩ። የኬትሉ ጭስ መውጫ ውስጥ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ሲመለስ የሚይዝ ቀለበት መኖሩንም እዩ። ከሌለ ያ ያባረራችሁት ሽታ ጠብ ጠብ እያለ ተመልሶ ይገባል። ኬትሉ ሲሞላ ከላይ ሲሶው ባዶ ይሁን፣ አረፋው ገንፍሎ ሰው ያቃጥላል።

ፓምፑም አለ። ዎርቱ ሊፈላ አንድ ሐሙስ የቀረው ነገር ስለሆነ ፓምፑ ትንሽ ከሳበው እንፋሎት ይሆንና ፓምፑ እየተንቋቋ ይጮኻል፣ ከዚያ ሲል የሚባለው ማሸጊያው ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓምፑ ከዕቃው በታች ይቀመጥ፣ የሚገባበት ቱቦ አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ክርን አይብዛበት። ይሄን ሥዕሉ ላይ ካልተናገራችሁ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

አየሩ ስስ ስለሆነ በአየር የሚቀዘቅዝ ማሽን ሁሉ ይደክማል። ኤሌክትሪክ ሞተር ብዙውን ጊዜ ጉልበቱ የሚጻፈው እስከ 1000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ቺለር (ታንኮቹን የሚያቀዘቅዘው ማሽን)፣ ጄኔሬተር፣ ኮምፕሬሰርም እንዲሁ። ትዕዛዙ ላይ ከፍታችሁን ጻፉ፣ የመጋቢትና የሚያዝያን ሙቀትም ጻፉ፣ ፊርማ ያለበት መልስ ተቀበሉ። ቢራው ውስጥ ጋዝ ስታስገቡም የግፊት መለኪያው ይሸውዳችኋል፤ መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ባሕር ዳር ወደ 0.2 ባር፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 0.25 ባር መጨመር አለባችሁ። አለበለዚያ ቢራው ይሞታል፣ እናንተም ጥፋቱን እርሾው ላይ ታላክካላችሁ።

መብራትና እሳት

በምን ይሙቅ? በእንፋሎት፣ በኤሌክትሪክ ወይስ በቀጥታ እሳት? ሻጩ የሚያቀርብላችሁ ምርጫ ይሄ ነው። "ባሕር ዛፍ ሞልቶ የለ እንዴ" የሚል አይጠፋም። ሞልቷል። ግን ዎርት ሊገነፍል ሲል እንጨት አይጠፋም፣ ከሥር ያለው ስኳርም ያራል። እንጨት የሚበላ ቦይለር ይኖራል፣ እሱ ግን የራሱ ሰው ይፈልጋል።

እንፋሎት ምርጡ ነው። እኩል ያሞቃል፣ አያሳርርም። ነገር ግን ቦይለር ሲመጣ ነዳጅ፣ የተጣራ ውሃ፣ ፈቃድና ምርመራ አብሮ ይመጣል። ለባለ 5 ሄክቶ እኔ ኤሌክትሪክ ነው የምመርጠው፣ ኤለመንቱ ስፋት ያለውና ብዙ የማይጋል ከሆነ። ቁጥሩን እዩት፦ 800 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 56 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይሄን ሌሊት ቀስ ብላችሁ በ12 ኪሎዋት ታሞቁታላችሁ፣ ጠዋት ዝግጁ ነው። ኬትሉ ደግሞ 36 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ወደ 55 አምፔር ማለት ነው። ይሄን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይችለዋል ወይ? ለዕቃው ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት ለመብራት ኃይል ማመልከቻ አስገቡ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ዕቃው መጥቶ ቆጣሪ የሚጠብቅ ሰው ከአንድ በላይ አውቃለሁ።

የእኛ መብራት 220/380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ አገኘሁ የሚል ካለ እዚህ ላይ ይቁም። እዚያ 60 ኸርዝ ነው፣ ሞተሩ እኛ ጋ አንድ ስድስተኛ ፍጥነቱን ያጣል፣ ቮልቴጁም ሌላ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? መጥፋቱ አይቀርም፣ መቼ ነው እንጂ። ብቅሉ እየተዘፈዘፈ ከጠፋ ጥሩ የተሸፈነ ዕቃ ሙቀቱን ይይዛል። እየፈላ ከጠፋ ትጠብቃላችሁ፣ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ። አራት ታንክ ሙሉ ቢራ እየተብላላ ጠፍቶ ካደረ ግን ጉድ ይፈላል፤ እርሾው ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ከልክ ካለፈ የቢራው ጣዕም ይበላሻል፣ ያን ደግሞ በኋላ በማቀዝቀዝ አትመልሱትም። ስለዚህ ጄኔሬተር ስትገዙ ኬትሉን እንዲሸከም ሳይሆን ቺለሩን፣ የቺለሩን ፓምፕና መቆጣጠሪያውን እንዲሸከም ግዙ። በጣም ያነሰ ጄኔሬተር ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ቀዝቃዛው ወገን

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ገንዘብ ካነሰ ከሌላው ላይ ቀንሱ፣ ከዚህ ላይ አትቀንሱ።

ቺለሩ ግላይኮል የተባለ፣ ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ፈሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ አቀዝቅዞ በታንኮቹ ልባስ ውስጥ የሚያዞር ማሽን ነው። አንድ ትልቅ ኮምፕሬሰር ያለው ከምትገዙ ሁለት መካከለኛ ኮምፕሬሰር ያለው ግዙ። አንዱ ቢሞት ሌላው ቢያንስ ቢራውን ያቆይላችኋል፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ። መንገድ ሲዘጋም ታውቃላችሁ። የሚጠቀመው ጋዝ ደግሞ ከተማችሁ ያለ የፍሪጅ ባለሙያ ያለው ይሁን። ሄዳችሁ ጠይቁት፣ ሲሊንደሩን አሳየኝ በሉት። እሱ የማያውቀው ጋዝ ያለበት ማሽን አትግዙ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን።

ዎርቱን ከፍላት አውርዶ እርሾ ወደሚችለው ሙቀት የሚያደርሰው የፕሌት ማቀዝቀዣ ባለ ሁለት ደረጃ ይሁን። መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ፣ ቀጥሎ ግላይኮል። ባሕር ዳር ላይ በቧንቧ ውሃ ብቻ 18 ዲግሪ እናወርዳለን ማለት ዘበት ነው፣ ውሃው ራሱ ሞቅ ያለ ነውና። 500 ሊትሩ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማለፍ አለበት። ከፕሌቱ የሚወጣው ትኩስ ውሃ እንዳይፈስ ወደ ሙቅ ውሃ ታንኩ ይመለስ፤ የነገው ጠመቃ ግማሽ ሙቀት ከዚያ ይገኛል።

ፈርመንተሩ ሥሩ 60 ዲግሪ የሾጠጠ ይሁን፣ እርሾው ወርዶ እንዲወጣ። ከላይ አንድ አምስተኛ ለአረፋ ይተው። የማቀዝቀዣው ልባስ ጎኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ሾጣጣውም ላይ ይኑር። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሁሉም ሻጭ ይሰጣል። የሚረሱት ሌላውን ነው፦ አየር የሚያስገባውን። ታንኩ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ቀዝቃዛ ሲረጭበት ውስጡ ያለው እንፋሎት ይሰበሰባል፣ ታንኩም ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። ስቴንለስ ነው ብሎ የሚቋቋም የለም። ቫልቩ ዋጋው ከታንኩ ጋር ሲተያይ ምንም ነው፣ ትዕዛዙ ላይ በስሙ ጻፉት።

ማጠቢያውም ከዚሁ ይመደባል። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ፈትገው፣ በወይራ አጥነው ነው ጥንስስ የሚጥሉት፤ ጋኑ ካልጸዳ ጠላው እንደሚኮመጥጥ ያውቃሉ። ቢራ ታንክም ያው ነው፣ ልዩነቱ እጅ አለመግባቱ ነው። የሚረጨው ኳስ የማይደርስበት ጥግ ካለ እዚያ የተደበቀው ቆሻሻ ቀጣዩን ቢራ ያኮመጥጣል። ባለ ሁለት ታንክ ተንቀሳቃሽ ማጠቢያ፣ ሲአይፒ የሚሉት፣ የራሱ ፓምፕ ያለው ግዙ።

ብረቱን እንዴት ታያላችሁ?

304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ለአብዛኛው ይበቃል። ውሃችሁ ጨው የሚበዛበት ከሆነ የሙቅ ውሃ ታንኩን 316 አድርጉት። ውሃውን መጀመሪያ አስመርምሩ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚካልና የምግብ ምሕንድስና ትምህርት ክፍል አለው፣ ጠይቁ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጭራሽ ሳታስመረምሩ አትንቀሳቀሱ።

ብየዳውን ደግሞ በዓይን። በእጅ ስልክ መብራት ታንኩ ውስጥ ግቡ፣ ወይ ቪዲዮ አስቀርጹ። ብየዳው ዳር ሰማያዊ ወይ ቡናማ ቀለም ካለ ብረቱ ሲበየድ ከጀርባው በጋዝ አልተጠበቀም፣ በኋላም በአሲድ አልጸዳም ማለት ነው። ያ ቦታ ነው ነገ የሚዝገው። ጥጥ ወስዳችሁ ብየዳው ላይ ጎትቱ፤ ክሩ ከያዘ ቆሻሻም ይይዛል። ከዚያ 20 ሊትር ውሃ ጨምሩና በታችኛው ቫልቭ ልቀቁ። ሥሩ ላይ ኩሬ ከቀረ ታንኩ ተዳፋቱ ልክ አይደለም። ይሄ ሁሉ መሣሪያ አይፈልግም።

ሁሉንም ከውጭ ማምጣት ደግሞ የለባችሁም። መወጣጫው፣ መድረኩ፣ የአተላ ጋሪው፣ ግፊት የማይሸከመው የሙቅ ውሃ ታንክ ጭምር ስቴንለስ በአርጎን የሚበይድ ጥሩ ባለሙያ ካገኛችሁ እዚሁ ይሠራል። የወተት ማቀዝቀዣ ታንክ የሠራ ሰው ካለ እሱን ፈልጉ። ፈርመንተርና ብራይት ታንክ (ያለቀለት ቢራ የሚቀመጥበት) ግን ግፊት አለባቸው፣ ልምድ ከሌለው ጋር አትሞክሩት።

ከማን ይገዛ?

ጀርመኖቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ባምበርግ ያለው ካስፓር ሹልዝ ከ1677 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ብራውኮንም በትንንሽ ቢራ ቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ሳልም አለ። ክሮነስና ጂኢኤ በትልልቅ ፋብሪካ ነው ይበልጥ የሚታወቁት። የአውሮፓ ዕቃ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል። ቻይና ውስጥ ደግሞ ጂናን የምትባለው ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት፣ ቲያንታይን የመሰሉ አምራቾች እዚያ ናቸው።

እኔ ብሆን፣ ለመነሻ፣ ታንኩን ከደህና የቻይና አምራች አሠራና ክፍሎቹን በስም እመርጣለሁ። መብራቱን የሚያበሩትና የሚቆርጡት ክፍሎች፣ ኮንታክተሩና ብሬከሩ፣ ሽናይደር ወይ ሲመንስ ይሁን እላለሁ፣ ምክንያቱም ቢቃጠል አዲስ አበባ ላይ ይገኛል። የሙቀት መለኪያው ፒቲ 100 የሚባለው ይሁን፣ የቱቦው መገጣጠሚያ ትራይ ክላምፕ የሚባለው ይሁን፣ ሁሉም ቫልቭ በሁለት ወይ በሦስት ዓይነት ስፋት ብቻ ይወሰን። ያኔ አንድ ካርቶን ጋስኬት ለሁሉም ያገለግላል።

"አምራች ነን" የሚል ሁሉ አምራች አይደለም፣ ደላላውም ካታሎግ አለው። ሳትነግሩት ደውሉና በቪዲዮ "አሁን ብየዳ ቤቱን አሳየኝ" በሉ። ነገ እልካለሁ ካለ ገባችሁ። ከዚያ አፍሪካ ውስጥ የሸጠላቸውን ሦስት ቢራ ቤቶች ስም ተቀበሉ። ስትደውሉ ባለቤቱን ሳይሆን ጠማቂውን ፈልጉ። "ዕቃው እንዴት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ጥሩ ነው ነው የሚላችሁ። "መጀመሪያ የተበላሸው ምንድን ነው? ሲበላሽ በስንት ቀን መለሱላችሁ?" በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ካናዳ ውስጥ ዲኤምኢ የሚባል በዓለም የታወቀ የቢራ ዕቃ አምራች ነበር። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ዕዳ ውስጥ ገብቶ በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። ቅድሚያ የከፈሉ ብዙ ጠማቂዎች ታንኩንም ገንዘቡንም አላገኙም። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው፦ በባዶ ሜዳ ግማሹን ቀድማችሁ አትክፈሉ። በባንክ በኩል በኤልሲ (ሰነዱ ሲሟላ ባንኩ ለሻጩ በሚከፍልበት መንገድ) ክፈሉ፣ ሰነዶቹ ውስጥም የሦስተኛ ወገን መርማሪ ዕቃው ፋብሪካ ውስጥ በውሃ ተሞክሮ አልፏል የሚል ወረቀት እንዲኖር አስገድዱ። ቅድሚያ ከተባለም በትንሹ፣ የባንክ ዋስትና ይዛችሁ። 10 ፐርሰንቱ ደግሞ ዕቃው እናንተ ቤት ቆሞ እስኪሠራ ይቆይ።

ዋጋ ስታወዳድሩ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ነገር እየሸጡላችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ርካሹ ላይ ፕሌቱ የለም፣ የግላይኮል ቱቦው የለም፣ የሚገጥመው ባለሙያ ቲኬትና ሆቴል የለም። ሁሉንም ስትደምሩት ውዱ ይረክሳል። ዋጋው ከቻይና ወደብ ነው ወይስ ጅቡቲ ድረስ? ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን የዛሬው ፕሮፎርማ ከሦስት ወር በኋላ በብር ሌላ ቁጥር ነው፣ መጠባበቂያ ያዙ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ካላችሁ የካፒታል ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የሚገባበት መንገድ አለ። ዝርዝሩን ግን ከመፈረማችሁ በፊት ኢንቨስትመንት ቢሮ ወስዳችሁ አሳዩ፣ መለዋወጫው እስከ ምን ድረስ እንደሚካተት ጠይቁ።

አውቶማቲክ ነገር አያጓጓችሁ። ለባለ 5 ሄክቶ ቫልቭ በእጅ መክፈት ምንም አይደለም። ኮምፒውተር ያለው ከወሰዳችሁ የፕሮግራሙን ቅጂና የይለፍ ቃሉን ውሉ ላይ አስገቡ። አለበለዚያ አንዲት ቁጥር ለመቀየር ቻይና እየደወላችሁ መኖር ነው።

መለዋወጫ ከዕቃው ጋር በአንድ ኮንቴይነር ይምጣ፦ ጋስኬት በሙሉ፣ የፓምፕ ሲል፣ አንድ ትርፍ ፓምፕ፣ ሶሌኖይድ (በመብራት የሚከፈት ቫልቭ)፣ የሙቀት መለኪያ፣ ኤለመንት። በኋላ አንድ ሲል ብቻ ለማስመጣት የሚከፈለው ውጣ ውረድ ከሲሉ ዋጋ በላይ ነው።

መምጫውና መትከያው

የመደበኛ ኮንቴይነር በር ቁመቱ 2.28 ሜትር ነው። ተጋድሞ የማይገባ ታንክ ልዩ ጭነት ይሆናል። ከጅቡቲ ሞጆ፣ ከሞጆ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓባይ በረሃን ጠምዝዞ ወርዶ ጠምዝዞ ይወጣል። መስታወቱ፣ መለኪያው፣ ቫልቩ ከታንኩ ተፈቶ በሳጥን ይታሸግ። የእናንተንም ቤት በር ለኩ፣ ጣሪያውን ለኩ፣ ክሬን ሰፈሩ ድረስ ይደርስ እንደሆነ እዩ። ወለሉ ታንክ ከመምጣቱ በፊት ይለቅ፦ ለእያንዳንዱ ሜትር ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት፣ ሰፊ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ አሲድ የሚችል ልባስ። ተራ ሲሚንቶ ባንድ ሁለት ዓመት ይበላል።

ተተክሎ ሲያልቅ ቢራ አትጥመቁ። መጀመሪያ በውሃ ሙሉ ቀን ሥሩበት። 600 ሊትር ኬትሉ ውስጥ አፍሉ፣ በሰዓት ስንት እንደተነነ በሜትር ለኩ፣ በፕሌቱ አሳልፋችሁ 18 ዲግሪ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ መዝግቡ። አራቱንም ፈርመንተር ውሃ ሞልታችሁ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቺለሩ ወደ 2 ዲግሪ ያወርዳቸው እንደሆነ እዩ። ዋናውን መብራት አጥፉና ጄኔሬተሩ ቺለሩን አስነስቶ ይይዘው እንደሆነ ሞክሩ። ቁጥሮቹ ውሉ ላይ ካለው ጋር ከገጠሙ ለገጣሚው ባለሙያ ፈርሙለት፣ ያችን 10 ፐርሰንት ልቀቁ።